ቀላል ሕመም ያለበትን ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ፋርማሲ እንዴት እንላክ? (ሐዋሳ)

ጠያቂ፦ ጤና መኮንን፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ነው የምሠራው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት አግዳሚው ሞልቶ ይጠብቀናል። ሰው ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ እኛ ጋ ይሰለፋል፣ መድኃኒት መስኮት ጋ ደግሞ ይሰለፋል። አብዛኛው ከባድ በሽታ የለበትም። አፍንጫው የታፈነ፣ ጉሮሮው የከረከረው፣ ቃር ያስቸገረው፣ ጭርት የወጣበት ነው። ሦስት ሰዓት ጠብቆ ፓራሲታሞል ተጽፎለት ይሄዳል።

የሚያሳስበኝ ከእሱ ኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። በቅርቡ አንዲት ነፍሰ ጡር ብርድ ብርድ እያላት ጥግ ላይ ዝም ብላ ተራዋን ስትጠብቅ ቆየች። ስመረምራት ወባ ነበር። ደግነቱ አሁን ደኅና ናት። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቀላል ሕመም ያለበትን ሰው በአካባቢያችን ወዳሉ ፋርማሲዎች በወረቀት ብንልክስ? ማንን ልላክ፣ ማንን ላስቀር? ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ? ትልቁ ፍርሃቴ ሄደው አሞክሳሲሊንን የመሰለ አንቲባዮቲክ ይዘው እንዳይወጡ ነው።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ሐዋሳ ፒያሳ

እህቴ፣ ይህን ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። ሰው አሁንም ቢሆን መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። የሚመጣው ግን ባዶ እጁን ነው። «ለጉንፋን የሚሆን ነገር ስጠኝ» ይለኛል፤ ደም ግፊት እንዳለበት አይነግረኝም። አፍንጫ ከሚከፍቱት ኪኒኖች ውስጥ ግፊት የሚጨምሩ አሉ። ሌላው ወገቡን አሞት ዲክሎፌናክ ይጠይቃል፣ ጨጓራ የሚጎዳውን የሕመም ማስታገሻ፤ ጨጓራው ቆስሎ እንደነበር የማውቀው እኔ ስጠይቀው ነው። ወረፋው ረዝሞ ሳልጠይቅ ባልፈውስ? አንቺ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ብትጽፊልኝ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ አንቲባዮቲክ እውነቱን ልንገርሽ። ሕጉ ያለ ማዘዣ አይሸጥ ይላል። ሲሸጥ ግን ሁላችንም እናያለን። እኔ እምቢ ስለው ደንበኛው ተቆጥቶ ወጥቶ ሁለት በር አልፎ ይገዛል። ስለዚህ ሰው ከመላክሽ በፊት በእግርሽ ሄደሽ ባለሙያውን አነጋግሪው። በሩ ላይ «ፋርማሲ» የሚለውና «መድኃኒት መደብር» የሚለው አንድ እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ። ፋርማሲ የሚመራው በፋርማሲስት ነው፣ መደብሩ ከፋርማሲስት ያነሰ ሥልጠና ባለው ድራጊስት። መደብሩን ማሳነሴ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ግን ፋርማሲስቱ ራሱ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ሰው የሚያነጋግርበትን ቤት ምረጪ።

መልስ፦ እናት፣ አቶቴ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ግን የተላከ ሰው ምን እንደሚሰማው ልናገር። ልጄ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖት ተቅማጥ ያዘው። ወረፋው ረጅም ነው ተባልኩና «ፋርማሲ ሂጂ» ብለው መለሱኝ። ወረቀት የለ፣ ምን እንደምጠይቅ የነገረኝ የለ። አንድ ቤት ገብቼ የሰጡኝን ሽሮፕ ገዛሁ። በሁለተኛው ቀን ልጄ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ማልቀስ እንኳ አቃተው። አዝዬው ሮጥኩ። ያዳነው ኦአርኤስ ነው፣ ዚንክም ተሰጠው። ይህ ደግሞ ፋርማሲው ውስጥም ነበረ! የጠየቀኝም የነገረኝም ሰው ስላልነበረ ነው።

እባካችሁ ስትልኩን የት እንደምንሄድ፣ ማንን እንደምናነጋግር፣ ካልተሻለን ደግሞ እንዴት እንደምንመለስ ንገሩን። ካርድ ክፍል እንደገና ተሰለፉ ከተባልንማ ማንም አይመለስም። ቤቱ ይቀመጣል።

ጠያቂ፦

እናታችን፣ ስለ ልጅሽ በጣም አዝኛለሁ፤ እንኳን ተረፈልሽ። ስለ መመለሱ የተናገርሽውን ጽፌ ይዤዋለሁ። እኔ ስለ መላኩ እንጂ ስለ መመለሱ አላሰብኩም ነበር።

መልስ፦ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ሊድስ (የሐዋሳ ልጅ)

እዚህ እንግሊዝ አገር ይኼው ነገር በሥርዓት ይሠራል። ከጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆች ጃንዋሪ 31፣ 2024) ጀምሮ «ፋርማሲ ፈርስት» የሚባል አገልግሎት አለ። ፋርማሲስቱ ሰባት ሕመሞችን ራሱ አይቶ ያክማል፦ የጉሮሮ ሕመም፣ ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ ክፍተቶች መቆጣት)፣ የልጆች የጆሮ ሕመም፣ ያመረቀዘ የነፍሳት ንክሻ፣ የቆዳ ቁስል (ኢምፔቲጎ)፣ አልማዝ ባለጭራ፣ ከ16 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሴቶች ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። አስፈላጊ ሲሆን በተጻፈ መመሪያ መሠረት አንቲባዮቲክም ይሰጣል። ለሌሎቹ ቀላል ሕመሞች የቤተሰብ ሐኪሙ ቢሮ ሰውየውን በኮምፒውተር ይልክልናል። እኛም ያደረግነውን መልሰን እናሳውቃለን። የሚያስፈራ ነገር ካየን ያው ቀን ሐኪም እንዲያየው እናደርጋለን።

አንቺ ግን አንድ ነገር በደንብ አስቢበት። እዚህ ፋርማሲው የሚከፈለው ሰውየውን በማየቱ ነው። «መድኃኒት አያስፈልግህም፣ ውኃ ጠጣ፣ እረፍ» ብሎ ቢሸኘውም መንግሥት ይከፍለዋል። እናንተ ጋ ያለው ፋርማሲስት ገቢ የሚያገኘው ሲሸጥ ብቻ ነው። ለተላከ ሁሉ አንድ ነገር መሸጥ እንዳለበት ሊሰማው ይችላል። ሰባቱን ሕመሞች እንዳለ ብትገለብጪ አይሠራም። አንቲባዮቲኩን ለጤና ጣቢያ ተዪው። ምክርና ያለ ማዘዣ የሚሰጠውን ብቻ ላኪ።

መልስ፦ የፒያሳው ፋርማሲስት

ወንድሜ ልክ ነህ፣ ያመኛል ግን ልክ ነህ። አሥር ደቂቃ መክሬ ባዶ እጁን ስሸኘው የዕለቱ ኪራይ ከየት ይመጣል? ያም ሆኖ ባለፈው ወር እንዲህ የሸኘኋት ሴትዮ ሦስት ጎረቤት ይዛ መጣች።

መልስ፦ በጤና መድን ላይ የሠራ፣ ሐዋሳ

ገንዘቡን የነካው ስለሌለ ልጨምር። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል በዓመት አንዴ መዋጮውን ከፍሏል። ጤና ጣቢያ ሲመጣ ምርመራውም መድኃኒቱም የሚሸፈንለት እዚያ ነው። ውል ወደሌለው የግል ፋርማሲ ከላክሽው ከኪሱ ይከፍላል። ለአንዳንዱ ሃምሳ ብር የዕለት እንጀራው ነው። «ከፍዬ ለምን ትመልሱኛላችሁ?» ቢል እውነት አለው።

የራሳችሁ ፋርማሲስት መስኮቱ ጀርባ ተቀምጦ ወረቀት ብቻ እያነበበ አይደል? ከዚያው ከግቢያችሁ ጀምሩ። አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አውጡለት። ትሪያጅ ላይ (ሰው ሲገባ የሕመሙ ክብደት በሚለይበት ቦታ) ያለችው ነርስ ቀላል ሕመም ያለበትን ወደ እሱ ትምራ። ውጭ መሄድ የፈለገ፣ ለመክፈልም የማይቸገር ሰው ይሂድ። ምርጫው የሱ ይሁን። ከኃላፊያችሁና ከከተማው ጤና መምሪያ ጋር ሳትነጋገሪ ግን እንዳትጀምሪ፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ብቻሽን ነሽ።

መልስ፦ የልጆች ክፍል ነርስ፣ አዳማ

ማን አይላክ ላልሽው። አዳማም ሐዋሳም የወባ አገር ናቸው፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ ደሙ ይታይ። «ጉንፋን ነው» ብሎ የሚመጣ ወባ ስንት አይተናል! ነፍሰ ጡር አትላክ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ለቲቢ አክታው ይመርመር እንጂ የሳል ሽሮፕ ይዞ አይዙር። ሰገራው ጥቁር ወይም ደም ያለበት፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ ለመዋጥ የሚቸገር የጨጓራ ታማሚ እናንተው እዩት። ደረቱን የሚያስጨንቀውም እንዲሁ። ለአንድ ሕመም በወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣ ሰውም ቀላል ነው አትበይው።

ልጅ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። ከሁለት ወር በታች የሆነ ጨቅላ በምንም ምክንያት አይላክ። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የፈዘዘ ልጅ ወረፋ ዘልሎ ይግባ። ሳል ያለበትን ልጅ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ ሳምባ ምች ሊሆን ይችላል። ያቺ አንድ ደቂቃ በሥራ ብዛት አትዘለል። ጭርትም ብትልኩ «ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አይሰጥ» ብላችሁ ጻፉ፤ ለጥቂት ቀን የጠፋ መስሎ ይስፋፋል።

የተቅማጡን እናት ታሪክ አንብቤ ነው ይህን የምጨምረው። ድርቀት የሌለበት፣ በደንብ የሚጠጣ ልጅ እንኳ ወደ ፋርማሲ ከተላከ ወረቀቱ ላይ «ኦአርኤስና ዚንክ» ተብሎ ይጻፍ። አንድ ሊትር የሚለው ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጥ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ዚንኩ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን መውሰድ አለበት። እናቶች በሦስተኛው ቀን ነው የሚያቆሙት፤ ፋርማሲስቱ ይህን ደግሞ ደጋግሞ ይንገራቸው።

ጠያቂ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ከግቢያችን ለመጀመር ወሰንኩ። ከኃላፊያችን ጋር ዛሬ ተነጋገርኩ፣ ለመምሪያው ደብዳቤ ይጻፋል። የእኛው ፋርማሲስትም ደስ ብሎታል፤ «አምስት ዓመት የተማርኩት ካርቶን ለመቁጠር አይደለም» አለኝ።

ወረቀቱን በግማሽ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። ዕድሜ፣ ለልጅ ክብደት፣ ሕመሙና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ግፊት ወይም ስኳር፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው መድኃኒት። ከታች «ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አይሰጥ» የሚል አለ። ጀርባው ፋርማሲስቱ የሰጠውን የሚጽፍበት ነው። ይህን ወረቀት ይዞ የተመለሰ ሰው ካርድ ክፍል አይሰለፍም፣ በቀጥታ እኛ ጋ ይገባል። መመለሻ ምልክቶቹን በአማርኛና በሲዳምኛ እጽፋለሁ፤ ለማያነብ ደግሞ ነርሷ በቃል ትነግረዋለች።

ቀጥሎ በአቅራቢያችን ያሉ ሁለት ፋርማሲዎችን ሄጄ አነጋግራለሁ። ስንት ሰዓት ልሂድ?

መልስ፦ የፒያሳው ፋርማሲስት

ጠዋትና ማታ ሰው ይበዛብናል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነይ። ወረቀቱንም ይዘሽ ነይ፣ አንድ ኮፒ ለኔም።