የተፈጥሮ ጎማ ኤክስፖርት፦ ቶን ከቶን ይወዳደራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የጎማ ኤክስፖርት በሰንጠረዥ እያወዳደርኩ ነው። ታይላንድ አንደኛ፤ እሺ። ማሌዥያ ግን ከምታመርተው በላይ ትልካለች! ሁለት ሌሊት አፈጠጥኩበት። የት ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አልተሳሳትክም ወንድሜ። ማሌዥያ ጥሬውን ከኮትዲቯርም ከሌላውም ገዝታ፣ አጥባ፣ አድርቃ መልሳ ትሸጣለች። አንዱ ጎማ ሁለቴ ተቆጠረልህ።

ሌላ መልስ፦ እኔን ያቃጠለኝ ፈሳሹ ነው፤ ላቴክስ የሚባለው፣ ከጎማ ዛፍ የሚወጣው ወተት መሳይ ፈሳሽ። ውሃው የተቀነሰለት ላቴክስ እንኳ ጎማው 60 በመቶ ገደማ ነው። ታይላንድ ደግሞ ላቴክስ በብዛት ትልካለች። ወደ ደረቅ ክብደት ሳትቀይር ከኢንዶኔዥያ ብሎክ (ደርቆ የተጨመቀ ጎማ) ጋር ካስተያየኸው ውሃ እየመዘንክ ነው። (እኔ ሪፖርቱን ካስገባሁ በኋላ ነው የነቃሁት።)

ጠያቂው፦ ኧረ! ለካ 4001.10 የሚለው የጉምሩክ ኮድ ላቴክሱ ነው። ሁሉንም ደምሬው ነበር። በቃ፣ እንደ አዲስ ልጀምር።