የማሲሎንና የማኪንሊ ጨዋታ፦ ወለምታ ያለበት ልጅ ይሰለፍ ወይስ ለጥሎ ማለፉ ይቆይ?

የካንተኑ አጎት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኦሃዮ የምትኖሩ፣ በተለይ ልጆቻችሁ የአሜሪካ እግር ኳስ የሚጫወቱ ወላጆች ሐሳባችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የማሲሎን ዋሽንግተንና የካንተን ማኪንሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በማሲሎን ሜዳ ይጋጠማሉ። የባለቤቴ እህት የምትኖረው ማሲሎን ነው፤ የ17 ዓመት ልጇ ለማሲሎን በተከላካይነት ይጫወታል፤ ዘንድሮ ተመራቂ ነው። እኛ ደግሞ ካንተን ነን፤ ልጄ በማኪንሊ ማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ትነፋለች። ሁለቱ ከተሞች ጎረቤታሞች ናቸው። እሑድ እሑድ አብረው የሚበሉት የእህትማማች ልጆች ግን ከሰኞ ጀምሮ አልተደዋወሉም።

ልጁ ማክሰኞ ልምምድ ላይ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው። ራጅ ተነሥቶ ስብራት የለም ተባለ። ትናንት ማታ ሄጄ አየሁት። እግሩን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅሎ ተጋድሟል፤ በውጭ በኩል የእንቁላል ያህል አብጧል፤ ወደ ትንሿ ጣቱ በኩል ቆዳው በልዟል። አሠልጣኙ ውሳኔውን ለሐኪምና ለቤተሰብ ትተውታል።

እንግዲህ ማሲሎን ለጥሎ ማለፍ ውድድሩ ማለፉን አስቀድሞ አረጋግጧል። የቅዳሜው ውጤት ደረጃውን ከፍ ዝቅ ያደርገው እንደሆነ እንጂ ቡድኑን ከውድድር አያስወጣውም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ልጁ ይረፍ ነው። እናቱ ግራ ገብቷታል። እርሱ ግን «ጋሼ፣ ጥሎ ማለፍ ሌላ፣ ማኪንሊ ሌላ» ብሎኝ ዓይኑ እንባ ሞላ።

በእጁ የያዘው ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። የተወለደ ዕለት ሆስፒታል ነበርኩ። አማቴ ከአዲስ አበባ ያመጡትን ለጋ ቅቤ ሊያልሱት ሲዘጋጁ ከአልጋው ውስጥ አንዲት ትንሽ ኳስ አገኙ። ማሲሎን ለሚወለዱ ወንድ ሕፃናት የደጋፊዎች ማኅበር ኳስ የመስጠት ልማድ እንዳለው ያን ዕለት ነው ያወቅነው። አማቴ አገላብጠው አዩአትና መልሰው ከጎኑ አስቀምጠው እልልታቸውን አቀለጡት። ያቺ ኳስ እስከ ዛሬ ከራስጌው፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አለች። በአንዱ ጫፏ ላይ ጥርስ ሲያበቅል የነከሰበት ምልክት አለ። ትናንት ያን ቦታ በአውራ ጣቱ እያሻሸ ነበር የሚያናግረኝ።

አንድ ጨዋታ እንዴት እዚህ ድረስ ይገባል? ይሰለፍ የምትሉ ካላችሁስ በምን ምክንያት?

ማሲሎን የከረመች፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይማረው። እዚህ ከተማ 19 ዓመቴ ነው፤ የመጣሁ ሰሞን እኔም እንደ እርስዎ ስጠይቅ ነበር።

ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ነው፤ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከ130 ጊዜ በላይ ተጫውተዋል፤ በጠቅላላ ውጤት የሚመራው ማሲሎን ነው። የከተማችን ሕዝብ 32 ሺህ ገደማ ሲሆን ስታዲየሙ 16,600 ሰው ይይዛል። የከተማው ግማሽ አንድ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል ማለት እኮ ነው! ስታዲየሙ የተሰየመበት ፖል ብራውን ራሱ እዚሁ ተጫውቶ አድጎ ከ1932 እስከ 1940 ድረስ ቡድኑን ያሠለጠነ ሰው ነው፤ የክሊቭላንዱ ፕሮፌሽናል ቡድን ብራውንስ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው።

የምሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ ነው። ከማስታምማቸው አንዱ የጨዋታው ቅዳሜ ሲደርስ ብርቱካናማውን የማሲሎን ሹራብ ካላለበስኳቸው ቁርስ አይቀምሱም። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እጅጌውን እኔ ነኝ የምጎትትላቸው። ከዚያ በ1994 የተደረገውን መቶኛውን ጨዋታ ይተርኩልኛል፤ ማሲሎን በተጨማሪ ሰዓት 42 ለ 41 ያሸነፈበትን። በአንዲት ነጥብ! ከጎናቸው ማን ተቀምጦ እንደነበር፣ ነፋሱ ከየት በኩል ይነፍስ እንደነበር ሳይቀር ይነግሩኛል። በዚያው ዓመት ጥሎ ማለፉ እንዴት እንዳለቀ ግን አንድም ቀን አንሥተውልኝ አያውቁም።

ልጁ ተመራቂ ነው፤ ከእንግዲህ ማኪንሊን የሚገጥምበት ሌላ ቅዳሜ የለውም። መቆም ከቻለ ይሰለፍ እላለሁ።

ከአክሮን፦

እህቴ፣ ስለ 1994 ያልሽው ልክ ነው፤ 2023ን ግን ለምን ዘለልሽው?

የኦሃዮ ጥሎ ማለፍ የተጀመረው በ1972 ነው። ማሲሎን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ? በ2018፣ በ2019 እና በ2020 ሦስት ዓመት በተከታታይ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈ። ዋንጫውን ያገኘው በ2023 የእኛን ከተማ ትምህርት ቤት ሆባንን 7 ለ 2 አሸንፎ ነው። የሆባን ደጋፊ ሆኜ እዚያው ነበርኩ። ጨዋታው የተደረገው ካንተን፣ ማኪንሊ በሚጫወትበት በዚያው ስታዲየም ነው። በሽንፈታችን አዝኜ ስወጣ ደረጃው ላይ አንድ ብርቱካናማ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው እስኪርገፈገፍ ሲያለቅስ አየሁ። ቆሜ እጁን ጨበጥኩት። ሰውየው 51 ዓመት የጠበቀው ዋንጫውን ነበር፤ ማኪንሊንማ በየዓመቱ ያገኘዋል።

ደግሞስ ቅዳሜ በአንድ እግሩ ተጫውቶ ጉዳቱ ቢብስበት የሚቀጥለውን ሳምንት ማን ይመልስለታል? ጋሼ፣ የእርስዎ ሐሳብ ትክክል ነው። ይረፍ።

ጨርቆስ ያደገ፦

እኔ ያደግሁት የጊዮርጊስ ደጋፊ አባትና የቡና ደጋፊ ታላቅ ወንድም ባሉበት ቤት ነው። ሁለቱ ክለቦች ሲጫወቱ ወንድሜ ወደ ስታዲየም የሚሄደው በጓሮ በኩል ነበር። ያም ሆኖ ወንድሜ ቡናን መርጦ ነው የደገፈው። ለዚህ ልጅ ግን ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ሌሎች መረጡለት። ስለዚህ «ምን አለበት፣ አንድ ጨዋታ ነው» አትበሉት፤ ያስቀይመዋል። ቢያርፍም እንኳን የተወው ነገር ትልቅ መሆኑን እንደምታውቁለት ንገሩት።

ኮለምበስ፣ ፊዚዮቴራፒ፦

ሥራዬ ስለሆነ በቀጥታ ልናገር። እግሩን ሳላይ ይሰለፍ ወይም አይሰለፍ ማለት አልችልም፤ ምን ማየት እንዳለባችሁ ግን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ ራጅ «ስብራት የለም» ማለቱ ብቻ አይበቃም። በዚህ ዕድሜ የአጥንቱ ማደጊያ ጫፍ አንዳንዴ ገና ስላልተዘጋ እዚያ የደረሰ ጉዳት በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል። ከቁርጭምጭሚቱ በውጭ በኩል አጥንቱን ራሱን ስትጫኑት በኃይል ካመመው፣ ወይም ሕመሙ ከፍ ብሎ ወደ ቅልጥሙ ከሆነ፣ ሐኪሙ እንደገና ይየው።

ከዚያ ዓርብ ዕለት በታመመው እግሩ ብቻ ቆሞ ተረከዙን 20 ጊዜ ያንሣ። በዚያው እግር ይዝለል። ቀጥታ ይሩጥ፤ ቀጥሎ በፍጥነት እየሮጠ በድንገት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፍ። ተከላካይ የሚጎዳው ሲታጠፍ ነውና ዋናው ይህ ነው። ጋሼ፣ አደራ የምለው ሕመም ማስታገሻ ውጦ እንዳይፈተን ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን ይደብቃል እንጂ የላላውን ጅማት አያጠብቀውም። ካነከሰ ነገሩ አልቋል፤ ፋሻ ቢጠቀለልለትም ያው ነው።

በሥራዬ ያየሁት ብዙውን ጊዜ ልጆች በትክክል ከተፈተኑ ራሳቸው እውነቱን ይቀበላሉ። የሚያስኮርፋቸው ሳይሞክሩ መከልከሉ ነው።

ማሲሎን የከረመች፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ይህን የማውቅ ቢሆን «መቆም ከቻለ» አልልም ነበር። መቆምማ ይቆማል። ፈተናውን ካላለፈ ግን ቅዳሜን ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ አያሳልፍ፤ ይህን እለምናለሁ። ማሊያውን ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር ይግባ። ቡድኑ ወደ ሜዳ ሲወጣ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚነሣበትን ሰዓት ከውስጥ ሆኖ ይስማው።

የካንተኑ አጎት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ ዳግም አይቶት አጥንቱ ደህና መሆኑን አረጋገጠ። ከሰዓት በኋላ እናቱ ቤት ጓሮ ቅጠሉን ጠርጌለት ፈተናውን ጀመርን። መድኃኒት አልወሰደም። ተረከዙን ሲያነሣ ጮክ ብዬ ቆጠርኩለት። አሥራ አንድ ላይ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። አሥራ ሁለትን ሞከረና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። «ልዝለል» አለኝ፤ አንድ ጊዜ ዘለለና ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ዝም አለ። እኔም ጨርቆስ ያደገው ወንድማችን እንደመከረኝ «አንድ ጨዋታ ነው» አላልኩትም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ ለአሠልጣኙ የደወለው ራሱ ነው። ወዲያው ደግሞ እርሱን ተክቶ ለሚገባው የ10ኛ ክፍል ልጅ ደወለና የማኪንሊ ኳስ ተቀባዮች ከመታጠፋቸው በፊት ትከሻቸውን እንዴት እንደሚያደርጉ ግማሽ ሰዓት ሲያስረዳው ሰማሁ።

ነገ ማሊያውን ለብሶ ከቡድኑ ጋር ይገባል። ለጥሎ ማለፉ ይደርስ እንደሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ይታያል።

እኔ ጋቢዬን ይዤ እናቱ አጠገብ በማሲሎን ወገን እቀመጣለሁ። የልጄ ባንድ የሚጫወተው ግን በእረፍት ሰዓት፣ ከወዲያ ማዶ ነው። ሜዳውን የምታውቁት፣ ሳይጀምሩ እንድደርስ ስንት ደቂቃ ሲቀር ብነሣ ይሻላል?

ማሲሎን የከረመች፦

ሁለተኛው ሩብ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይነሡ፤ መተላለፊያው ይጨናነቃል። ጋቢውን ለእናቱ ትተውላት ይሂዱ፤ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ በእኛ በኩል ነው የሚመታው።