የልብ ደም ስር መገንጠያው ላይ ሲጠብ አንድ ስቴንት ይበቃል?

የአባቷ_ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ እየያዛቸው አንጂዮግራም (የልብ ደም ስር በቀለም የሚታይበት ራጅ) ተነሱና ኤልኤዲ የሚሉት የፊተኛው ደም ስር የጎን ቅርንጫፍ ከሚያወጣበት መገንጠያ ላይ ጠቧል ተባልን። ሐኪማቸው ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ዋናው ላይ ብቻ ነው የምናስገባው፣ ቅርንጫፉን እናየዋለን አሉ። ሁለቱም ከጠበበ ለምን ለሁለቱም አይገባም? የግማሽ ስራ መሰለኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ በናታችሁ የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ካትላብ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ካቴተር ክፍል ነው የምሰራው፣ የግማሽ ስራ አይደለም፣ በአንድ ስቴንት ጀምሮ ሁለተኛውን ካስፈለገ ብቻ መጨመር ፕሮቪዥናል ይባላል። ቀጭን ሽቦ ለዋናውም ለቅርንጫፉም ይገባል፣ ምክንያቱም ዋናው ላይ ስቴንቱ ሲነፋ ደም ስሩን ያጠበበው ቅባት ተገፍቶ የቅርንጫፉን አፍ ሊደፍነው ይችላል። ደም ስሩ ከመገንጠያው በላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነው፣ ስቴንቱ ደግሞ የሚመረጠው በታችኛው ልክ ስለሆነ ላይኛው በኩል ከግድግዳው ሳይጣበቅ ይቀራል፣ እዛ ጋ አጠር ያለ ሰፊ ባሉን እንነፋለን፣ ፖት እንለዋለን። ይቺን የዘለለ ሰው ቅርንጫፉን መክፈት ሲፈልግ ሽቦው በስቴንቱ ጀርባ ሊሾልክበት ይችላል። ቅርንጫፉ ደም ካጠረው በስቴንቱ ቀዳዳ ገብተን በባሉን እንከፍተዋለን፣ ሁለተኛ ስቴንት ካስፈለገም ያኔ ይጨመራል። ደግሞ በ2005 የወጣ ጥናት ላይ፣ ዋናው ስቴንት ከገባ በኋላ 75 ከመቶና በላይ የጠበቡ የሚመስሉ ቅርንጫፎች በግፊት ሽቦ ሲለኩ የእውነት ደም ያጠራቸው 27 ከመቶው ብቻ ነበሩ።

ነጭ_ጋውን፦ እስማማለሁ፣ ግን ሁሌ አንድ ይበቃል አይባልም። ቅርንጫፉ ትልቅ ሆኖ ጥበቱ ወደ ውስጥ 10 ሚሊሜትርና ከዛ በላይ ከገባ ከመጀመሪያው በሁለት መስራት ሊሻል ይችላል። የግራው ዋና ግንድ መገንጠያ ላይ በ2017 የወጣው ዲኬክራሽ 5 የተባለ ጥናት ላይ በዓመቱ በሁለት ስቴንት ችግር (በልብ መሞት፣ የልብ ድካት ወይም ቦታው ዳግም መሰራት) የገጠማቸው 5 ከመቶ፣ በፕሮቪዥናል 10.7 ከመቶ ነበር፣ በ2021 የወጣው ኢቢሲ ሜይን የተባለ ጥናት ላይ ግን ሁለቱ ስልቶች ያን ያህል አልተለያዩም። እኔ ብሆን የምጠይቀው ቅርንጫፉ ስንት ሚሊ እንደሆነና ውስጡን በኦሲቲ ወይ በአይቫስ (ደም ስሩ ውስጥ ገብተው በብርሃን ወይ በአልትራሳውንድ ምስል የሚያነሱ መሳሪያዎች) ያዩት እንደሆነ ነው።

ሁለት_ስቴንት፦ ለኔ ሁለት ገብቶልኛል፣ በእጅ አንጓዬ ነው የገቡት። ባሉኑ ሲነፋ ያው የድሮው ህመም መጥቶ ደረቴን ያዘኝ፣ ሲተነፍስ ለቀቀኝ፣ አባትሽ እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን አስፕሪኑንና ክሎፒዶግሬሉን ደግሞ ሐኪማቸው ሳያዝ አንድ ቀን እንዳያቋርጡ፣ ስቴንቱ ውስጥ ደም ከረጋ በጣም አደገኛ ነው።

የአባቷ_ልጅ፦ ተባረኩ። ዛሬ ጠየቅኳቸው፣ ቅርንጫፉ 2 ሚሊ ነው፣ የጠበበውም አፉ ላይ ብቻ ነው አሉኝ። ሐሙስ ይገባሉ።