ፕሮክሲማን ከለገጣፎ ማየት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለገጣፎ ዳር ነው የምኖረው። ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ ልጄን ይዤ ግቢ ወጣሁ፣ ሰማዩ ጉድ ነው! በየረር በኩል ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን አሉ። ፕሮክሲማ ሴንታውሪ የሚባለው ከነሱ አንዱ ነው? ፕላኔቶቹ ላይስ መኖር ይቻላል?

መልስ፦
ወደ ደቡብ ዞረህ ስታይ በግራ ያለው፣ ይበልጥ የሚደምቀው፣ አልፋ ሴንታውሪ ነው። ፕሮክሲማ ከእሱ የአራት ሙሉ ጨረቃ ስፋት ያህል ራቅ ይላል፣ ግን ያለ ቴሌስኮፕ አይታይም። ከፀሐይ ቀጥሎ ለኛ ቅርቡ ኮከብ፣ 4.24 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ላይ ያለ፣ ሆኖ ሳለ እስከ 1915 እ.ኤ.አ. ማንም አላወቀውም፤ ያኔ ሮበርት ኢነስ ጆሃንስበርግ ሆኖ አገኘው። ቀይ ድንክ፣ ማለትም ትንሽና ደብዛዛ ኮከብ፣ ነዋ! ክብደቱ ከፀሐይ 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ሌላ መልስ፦
ስለ ፕላኔቶቹ ልጨምር። ፕሮክሲማ ቢ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነች። በአይን አልታየችም፤ ስትዞር ኮከቡን ትንሽ ወዲህ ወዲያ ስለምትጎትተው ከብርሃኑ ለውጥ ነው የታወቀችው። ውሃ ሳይቀዘቅዝና ሳይተን ሊቆይ በሚችልበት ርቀት ላይ ናት፣ እሱ ደስ ይላል። ችግሩ ኮከቡ ቁጡ ነው፣ ድንገት እየፈነዳ ጨረር ይረጫል፣ አየሯን ጠራርጎት ሊሆን ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሮክሲማ ዲ ተገኘች፣ ትንሽዬ ናት፣ በ5 ቀን ትዞራለች።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ! ቢ በስንት ቀን ነው የምትዞረው? ልጄ እየጠየቀችኝ ነው።

መልስ፦
በ11.2 ቀን። የልጅህ ዕድሜ ስንት ነው?

ጠያቂው፦
7።

መልስ፦
እዚያ አንድ ዙር አንድ ዓመት ስለሆነ፣ እዚያ ብትሆን 228 ዓመት ሞልቷታል በላት።