«ሂም» ዳቲቭ ነው ወይስ አይደለም?

ከኮለኝ፦ ትናንት እዚህ የተጻፈው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «እንግሊዝኛ ዳቲቭ (ተቀባዩን የሚያሳይ የቃል መልክ፣ «ለእሱ» እንደማለት) የለውም፤ ጀርመንኛ የምትጀምሩ ሰዎች እንግሊዝኛችሁን እርሱት» ተብሎ ተመከረ። ለምን ይርሱት? «ሂ ጌቭ ሂም ኤ ቡክ» (መጽሐፍ ሰጠው) ሲባል «ሂም» እኮ ዳቲቭ ነው! ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መሻገሪያ የለም።

ሰዋስው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። «አይ ሶው ሂም» (አየሁት) ላይም ያው «ሂም» ነው። ጀርመንኛው ግን «ኢሽ ዛህ ኢን» (አየሁት)፣ «ኢሽ ጋፕ ኢም» (ሰጠሁት) እያለ ይለያቸዋል። ለአንድ ቃል ሁለት ስም የምታወጪለት በምን ማስረጃ ነው?

ከኮለኝ፦ በታሪክ! ከ1000 ዓመት በፊት እንግሊዝኛ አኩዛቲቩ (ድርጊቱ ያረፈበት፣ «እሱን» እንደማለት) «ሂነ»፣ ዳቲቩ «ሂም» ነበር። «ሂነ» ጠፋ፤ የተረፈው ዳቲቩ ነው።

ሰዋስው፦ «የተረፈው ዳቲቩ ነው» አልሽ? የተረፈው ድምፁ ነው። ታናሽ የሌለው ሰው ታላቅ ነኝ አይልም። «ሂነ» ከሌለ «ሂም» ከምን ተለይቶ ዳቲቭ ይባላል?

ታሪክ ወዳድ፦ ጥፋቱ ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን የያዙት የኖርማኖች ነው። በ1066 ባይገቡ ኖሮ እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ እንደ ጀርመንኛ በሆነ።

ሰዋስው፦ ወንድሜ፣ ይህን ነገር ተወው። በላቲን በተጻፈው የሊንዲስፋርን ወንጌል (የእንግሊዝ ጥንታዊ ብራና) መስመሮች መካከል የሰሜን እንግሊዝኛ ትርጉም የገባው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ዳቲቩንና አኩዛቲቩን የሚለየው የቃላቱ መድረሻ እዚያው ሲደበላለቅ ይታያል። ኖርማኖቹ ገና አልመጡም።

ታሪክ ወዳድ፦ አባባሱት እንጂ!

ግዕዝ ቤት፦ እኛን ምን አስጨነቀን? በግዕዝ «ወሀቦ ኅብስተ» (ኅብስት ሰጠው) ሲባል ተቀባዩም ኅብስቱም ተሳቢ ናቸው። በአማርኛም «መታኝ»፣ «ሰጠኝ» ላይ ያለው «ኝ» አንድ ነው። የዳቲቭ «ኝ»፣ የአኩዛቲቭ «ኝ» ብሎ የከፈለብን የለም።

ከኮለኝ፦ «ለልጁ መጽሐፉን ሰጠው» ላይ ያለው «ለ» ታዲያ ምንድን ነው?

ግዕዝ ቤት፦ «ልጁን አማርኛ አስተማረው» ላይስ «ለ» የታለ? እዚያ «ን» ነው ያለው።

ሽቱትጋርት፦ ይሄ ልክ የኔ ቁስል ነው። ጀርመንኛም «ዚ ሌርት ሚሽ ዶይች» (ጀርመንኛ ታስተምረኛለች) ነው የሚለው፤ ሁለት አኩዛቲቭ! «ተቀባዩ ሰው ከሆነ ዳቲቭ ነው» ተብዬ ስለተማርኩ ፈተና ላይ በ«ሚሽ» ፋንታ ዳቲቩን «ሚር» ብዬ ጻፍኩና ነጥብ ተቆረጠብኝ። ከኮለኝ፣ ያንቺም መሻገሪያ ይህንኑ ነው የሚያስተምረው።

ከኮለኝ፦ «ሌረን»ን (ማስተማር) የመሰሉ ግሶች በጣት ይቆጠራሉ። ለጥቂቶቹ ተብሎ ብዙው አይጣልም።

ሰዋስው፦ ሌላ ማስረጃ እንካችሁ። «ሂ ዋዝ ጊቨን ኤ ቡክ» (መጽሐፍ ተሰጠው) ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፤ ተቀባዩ ባለቤት ሆነ። ጀርመንኛው «ኢም ቩርደ አይን ቡክ ገጌበን» ነው፤ ዳቲቩ ንቅንቅ አይልም፣ በ«ኢም» ፋንታ «ኤር» (እሱ) ብትል ስህተት ነው። «ሂም» እውነተኛ ዳቲቭ ቢሆን እንዲህ በቀላሉ «ሂ» ባልሆነ ነበር።

ሽቱትጋርት፦ «ኤር በካም አይን ቡክ ገሼንክት» (መጽሐፍ በስጦታ አገኘ) ይላሉ እኮ። እዚህ ጋ ተቀባዩ «ኤር» ነው።

ሰዋስው፦ በ«በኮመን» (ማግኘት) ነዋ። ሌላ ግስ አምጥተህ አትሞግተኝ።

ሮተርዳም፦ የኔዘርላንዶችን ልንገራችሁ። «ሄን» (እነሱን) ለአኩዛቲቭ፣ «ሁን» (ለእነሱ) ለዳቲቭ ይሁን ብለው ልዩነቱን የደነገጉት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው። ሕዝቡ በአፉ አይለያቸውም ነበር፤ ዛሬም ተወላጁ ራሱ ሲጽፍ ይሳሳታል። በአፍ የሌለን ዳቲቭ በመጽሐፍ ማስገባት ትርፉ ይሄ ነው።

ከኮለኝ፦ እኔ ምንም አልደነገግኩም! ተማሪ የሚያውቀውን ይዞ ይሻገር ነው ያልኩት። «የተረፈው» የሚለውን ቃሌን ይዛችሁ ዋናውን ረሳችሁት።

ሰዋስው፦ እሺ፣ ዋናው ላይ እንምጣ። የኛ ልጆች «አስረዳኝ» ሲሉ ስላደጉ «ኤክስፕሌን ሚ ዚስ» ይላሉ፤ በእንግሊዝኛ ስህተት ነው፣ «ቱ ሚ» ያስፈልጋል። በጀርመንኛ «ኤርክለር ሚር ዳስ» ልክ ነው። እዚህ ላይ አማርኛው ለጀርመንኛው ይቀርባል፤ ያንቺ እንግሊዝኛ ግን ተማሪውን መንገድ ያስተዋል። በየትኛው ነው የምታሻግሪው?

ከኮለኝ፦ «ጊቭ»፣ «ሴንድ»፣ «ሾው»፣ «ብሪንግ» ሁሉም ያሻግራሉ። አንተ የማያሻግረውን አንዱን መርጠህ መጣህ።

ግዕዝ ቤት፦ አማርኛው ይቀርባል ካላችሁ ለምን በአማርኛ አታስተምሩም?

ሰዋስው፦ ከኮለኝ፣ «ሂም»ን ዳቲቭ ያሰኘውን አሁንም አልነገርሽኝም።