አስቸኳይ፦ የሄሞግሎቢን ትሪዬ (የዘር ሐረግ ሥዕሌ) ተመሰቃቀለብኝ፣ ነገ ጠዋት ነው የማቀርበው

ማታ_ላብ
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ድረሱልኝ! ርዕሴ ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲኖች በእንስሳት ውስጥ እንዴት እንደተለወጡ ነው። የሰው፣ የዶሮ፣ የሻርክ፣ የላምፕሬይ (መንጋጋ የሌለው ዓሣ)፣ የመሬት ትል፣ የሸርጣንና የኦክቶፐስ ሲኩዌንስ (የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል) አወረድኩ። ሜጋ የሚባለው ሶፍትዌር ላይ ከትቼ ትሪ ሠራሁ። የወጣው ጉድ ነው። የሰው አልፋ ሁለተኛውን የሄሞግሎቢን ሰንሰለት፣ የሰው ቤታን፣ ትቶ ከሻርክ አልፋ ጋር ተለጥፏል። ኦክቶፐስ ደግሞ ብቻውን ረጅም ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የአይስፊሽ ቤታም ፈልጌ አጣሁ። ሜጋው ተበላሽቶ ነው?

ቀይ_ደም
ሲኩዌንሶቹን አላይን አድርገሻል (ቦታ በቦታ አሰልፈሻል)?

ሸገር_ልጅ
ላፕቶፑን አጥፍተሽ አብሪው ኪኪኪ

ጋሽ_ባዮሎጂ
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ መያዝ ይሻላል። አልፋና ቤታ ግሎቢን የመጡት ከአንድ ጥንታዊ ጂን ነው። ጂኑ በእጥፍ ተባዛ፣ ከዚያ ሁለቱ ቅጂዎች በየፊናቸው ተለወጡ። ይህ የሆነው ከ450 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ነው። ዛሬ የሰው አልፋ ክሮሞዞም 16 ላይ፣ ቤታው ክሮሞዞም 11 ላይ ነው። በዜብራፊሽ ግን አሁንም ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኛቸዋለሽ። ማዮግሎቢን፣ ኒውሮግሎቢንና ሳይቶግሎቢንም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የዛሬ ተማሪ ሶፍትዌር ከመክፈቱ በፊት ቢያነብ ኖሮ...

ማታ_ላብ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን የማቀርበው ነገ ነው። ትሪውን እንዴት ላስተካክል?

ቀይ_ደም
አላይን አድርጊያ። በማፍት ወይም በክላስታል ፕሮግራም።

ስንዱ_ዳታ
የሰው አልፋ ከሰው ቤታ ጋር መሆን አለበት ያለሽ ማነው? ጋሽ ባዮሎጂ የጻፉትን እንደገና አንብቢው፣ መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። ጂኑ የተባዛው ሰውና ሻርክ ከመለያየታቸው በፊት ነው። ስለዚህ የሰው አልፋ ለሻርክ አልፋ ይቀርባል። የሠራሽው የጂን ትሪ ነው፣ የእንስሳት ትሪ አይደለም። በዚህ በኩል ሜጋ አላጠፋም።

የኦክቶፐሱ ግን የአንቺ ጉዳይ ነው። አላይመንቱን ክፈቺና እዪው፤ ሰረዝ በሰረዝ ሆኖ የለም? የሰው አልፋ 141 አሚኖ አሲድ ነው። የኦክቶፐስ ኦክስጅን ተሸካሚ፣ ሄሞሳያኒን፣ አንዱ ሰንሰለቱ ወደ 2,900 ይጠጋል። ሄሞሳያኒን ኦክስጅን የሚይዘው በሁለት የመዳብ አተሞች ነው፤ ሄምም (ብረት ያዘለው የሄሞግሎቢን ክፍል) የለውም። ከግሎቢን ጋር ዝምድና የለውም። ዶሮና አውሮፕላን ሁለቱም ክንፍ አላቸው ብለሽ የዘር ሐረግ አትሠሪም።

ሸገር_ልጅ
ሦስት ልብ ላለው ፍጡር አንድ ቅርንጫፍ ምን ያንሰዋል!

ማታ_ላብ
ርዕሴ ግን "ኦክስጅን ተሸካሚዎች" ነው የሚለው፤ እንዴት ላውጣቸው? ቢያንስ ሸርጣንና ኦክቶፐስን ለብቻ ባደርጋቸውስ?

ስንዱ_ዳታ
እነሱም እርስ በርስ አይገናኙም። የሸርጣኑ ፌኖልኦክሲዴዝ ከሚባል ኢንዛይም፣ የኦክቶፐሱ ታይሮሲኔዝ ከሚባል ሌላ ኢንዛይም ወገን ነው የመጣው። የሁለቱም ስም ሄሞሳያኒን ሆነ እንጂ አመጣጣቸው ለየቅል ነው። ትሪው ላይ ግሎቢኖችን ብቻ አስቀሪ። የቀረውን በአንድ ሰንጠረዥ አሳዪ፦ ሄሞሳያኒን በመዳብ፣ ሄሜሪትሪን (የአንዳንድ የባሕር ትሎች ኦክስጅን ተሸካሚ) ያለ ሄም በብረት፣ ሄሞግሎቢን በሄም። የአቀራረብሽ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ተፈጥሮ አንዱን ሥራ ደጋግማ ከተለያየ ጂን ሠርታዋለች።

ደጋ_ሰው
ጥያቄ ካላበዛሁ፣ ሰሜን ተራራ ላይ ያለው ጭላዳስ? ሄሞግሎቢኑ ልዩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ስንዱ_ዳታ
አልፋው ላይ የራሱ የሆኑ ለውጦች አሉት። የጭላዳ ጂኖም በ2022 ሲታተም ግን ሄሞግሎቢኑ ተፈትኖ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ከቆላ ዝንጀሮዎች ብዙም አልተለየም። ጂን ተለወጠ ማለት ሁሌ ሥራው ተለወጠ ማለት አይደለም።

ጋሽ_ባዮሎጂ
አይስፊሿን ረሳችኋት እኮ። ልጄ፣ ቤታውን አታገኚውም፣ የለም! የአንታርክቲካ ነጭ ደም ያላቸው ዓሦች ናቸው። የኖርዌዩ ዮሃን ሩድ በ1954 ደማቸው ውስጥ ሄሞግሎቢን እንደሌለ አሳየ። ቤታው ከጂኖማቸው ጠፍቷል፣ ከአልፋው በአብዛኞቹ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። ያ ባሕር በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ኦክስጅን በደንብ ይሟሟበታል፤ በደማቸው ፈሳሽ ተሟሙቶ ይዳረስላቸዋል። ስላይድ ላይ አስገቢው፣ መምህራን ይወዱታል።

ቀይ_ደም
ከአላይን በኋላ አንድ ነገር እዪ። ሄሙን የሚይዘው ሂስቲዲን የሚባለው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ኤች፣ በሰው አልፋ 87ኛ፣ በቤታ 92ኛ ቦታ ላይ ነው። ዳታቤዙ የመነሻውን ሜቲዮኒን ስለሚቆጥር 88 እና 93 ሆኖ ታዪዋለሽ። ያ ኤች በሁሉም ላይ በአንድ ዓምድ ካልተሰለፈ አላይመንቱ አልሠራም፣ ትሪ አትሥሪ። የሰው ማዮግሎቢንና ሳይቶግሎቢንም ጨምሪ። ላምፕሬይ ወደ ሳይቶግሎቢን ከሄደብሽ አትደንግጪ፣ የሷ ሄሞግሎቢን ከእኛ ተለይቶ በራሱ መንገድ የመጣ ነው።

ሸገር_ልጅ
ቀይ ደም ከ"አላይን" ውጪ ያውቃል ለካ!

ትንኝ_አጥኚ
ከዚሁ ጋር በተያያዘ፣ የኔ የካይሮኖመስ (ትንኝ መሰል ነፍሳት) እጭ ደማቅ ቀይ ነው። ነፍሳት በአየር ቧንቧ አይደል እንዴ የሚተነፍሱት? ሄሞግሎቢን ምን ያደርግላታል?

ቀይ_ደም
የምትኖረው ኦክስጅን በጣም ባነሰበት ጭቃ ውስጥ ስለሆነ ነው። ለዚህ ግን አዲስ ጥያቄ ክፈት፣ ልጅቷ ነገ ታቀርባለች።