ስታኒጅ ኤጅን በአንድ ቀን ዞሮ መመለስ፦ የሄዳችሁ ምከሩኝ

የማንቸስተሯ
ሰላም ወገኖች። ወንድሜ በነሐሴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ባለፈው በስልክ "እናንተ ጋ ተራራ የሚባል ነገር የለም አሉ" ብሎ አናደደኝ። ስለዚህ ሸፊልድ አጠገብ ያለው የድንጋይ አፋፍ፣ ስታኒጅ ኤጅ ላይ ላወጣው ቆርጫለሁ። ችግሩ እኔ ራሴ አንዴ ብቻ ነው የሄድኩት። ያውም በሰው መኪና፣ ከማቆሚያው ብዙ ሳንርቅ ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

አሁን በባቡር ከአፋፉ ሥር ያለችው መንደር ሀዘርሴጅ ወርደን፣ በእግር አፋፉ ላይ ወጥተን፣ በሌላ መንገድ ዞረን ማታ ቤታችን መግባት ነው ሐሳቤ። የ9 ዓመት ልጄም አለ። በየት በኩል መዞር ይሻላል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ገደሉ ለልጅ ያስፈራል ወይ? ሌላው ደግሞ ወንድሜ ጾም አጥባቂ ነው፣ የሚመጣው በፍልሰታ መሀል ነው። እዚያ ሜዳውን የሚሸፍነው ሄዘር የሚሉት አበባ የሚፈካውም በዚያው ሰሞን ነው ይላሉ። ግራ ገባኝ።

ባለከዘራው
እህቴ፣ ሸፊልድ ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው። ይህን አፋፍ ስንቴ እንደዞርኩት መቁጠር ትቻለሁ።

ወንድምሽ በከፍታው አይሸነፍልሽም። ሃይ ኔብ የሚባለው ከፍተኛው ቦታ 458 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ላደገ ሰው ምኑም አይደል። ግን ይውጣና ይየው። ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የድንጋይ አፋፍ ነው፣ ሰው የካበው ግንብ ይመስላል። ከፊት ሸለቆው፣ ከኋላ ሄዘር የለበሰው ሜዳ። ሄዘር ማለት የኛዋ አስታ ዘመድ ናት፤ ዛፍ መሆን አቅቷት ጉልበት ላይ የቀረች። በኦገስት ሜዳውን ሁሉ ወይን ጠጅ ታደርገዋለች።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከጣቢያው መንደሩን አቋርጣችሁ ወደ ኖርዝ ሊስ ውጡ። ሆሊን ባንክ የመኪና ማቆሚያው ጋ ሽንት ቤት አለ፣ ልጁን እዚያ አስገቢው፤ ከዚያ በኋላ የለም። በዛፎቹ መሀል ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ አፋፉ ላይ ያወጣችኋል። ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ጉልበት ሳለ እስከ ሃይ ኔብ። ከዚያ በአፋፉ ተመልሳችሁ እስከ ደቡቡ ጫፍ፣ ከዚያ በሁክስ ካር በኩል ቁልቁል ወደ ሀዘርሴጅ። ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከልጅ ጋር፣ እየበላችሁ እየተቀመጣችሁ፣ 6 ሰዓት ያዙ።

ለልጁ ሁለት ነገር አሳዪው። አንደኛው ከገደሉ ሥር ሣር ውስጥ የተጋደሙት የወፍጮ ድንጋዮች። እዚያው ተጠርበው፣ ክብ ሆነው፣ ገበያው ሲሞት ማንም ሳያነሳቸው ቀሩ። አንዱ ላይ እጄን ሳስቀምጥ የእናቴ ወፍጮ ትዝ ይለኛል፤ መጁ ብቻ ነው የጎደለው። ሁለተኛው ደግሞ አፋፉ ላይ ድንጋዩ ውስጥ የተቦረቦሩ ትንንሽ ገበቴዎች። ዝናብ የሚያጠራቅሙ ናቸው፣ ግራውስ ለሚሏት ቆቅ መሰል ወፍ ውኃ መጠጫ። የአደን ወፎቹን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው የሠሯቸው። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ልጅሽ ቁጥር ሲፈልግ ድካሙን ይረሳዋል። የኔዋን ልጅ እንደዚያ ነው 15 ኪሎ ሜትር ያስኬድኳት።

ገደሉን በተመለከተ፣ 20 ሜትር ገደማ የሚሆንበት ቦታ አለ፣ አጥር የለውም። መንገዱ ግን ሰፊ ነው፣ ከጠርዙ ራቅ ብሎ መሄድ ይቻላል። ሮቢን ሁድ ዋሻ የሚሉት ጋ ግን እጁን ያዢው።

ጭጋግ ከመጣ ጠርዙን ተከትላችሁ ተመለሱ እንጂ ወደ ሜዳው አትግቡ። እኔ አንዴ ጥቅምት ላይ አቋራጭ አውቃለሁ ብዬ ገባሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሰው ቆሞ ታየኝ። ከሩቅ ሰላም አልኩት። ዝም። ጠጋ ስል ስታኒጅ ፖል የሚባለው ምሰሶ ነው። እንጨት ሰላም ብዬ ነው ለካ።

ሸማኔ ተራ
ጋሼ ባለከዘራው ጨርሰውታል። እኔ ጫማ ልጨምር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወንድም ነጭ ስኒከር ነው የሚያደርገው፣ እወቂበት። ከአፋፉ ጀርባ ያለው አፈር ጥቁር፣ ውኃ የጠገበ፣ እንደ ገንፎ የሚውጥ ነው። ካልሲ ሁለት ጥንድ ያዢለት። ሸረሪት መሳይ መዥገርም አለ፣ ፈርን የሚሉት ረጅም ቅጠላ ቅጠል ውስጥ አትቀመጡ፤ ማታ የልጁን እግር እዪ።

ባቡሩም፦ ከማንቸስተር ወደ ሸፊልድ ከሚሄዱት የሚቆመው ቀርፋፋው ነው፣ በሰዓት አንዴ ገደማ። ፈጣኑ ላይ ከወጣሽ ሀዘርሴጅን በመስኮት እያየሽ ታልፊያለሽ። ደርሶብኛል።

እማማ ዘውዲቱ
ልጄ፣ በፍልሰታ ነው የምትሉት? እኔ አልስማማም። ቅዳሴው ራሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው። ወንድምሽ ሳይበላ ሳይጠጣ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ቢወድቅ ማን ይሸከመዋል? ነሐሴ 16 ይፈሰካል፣ በፈረንጁ ኦገስት 22። ከዚያ በኋላ ሂዱ። አበባው አይጠፋም፣ እኔ በወሩ መጨረሻ አይቼዋለሁ። የወሩን የመጨረሻ ሰኞ ግን ተዉት፣ የፈረንጅ በዓል ስለሆነ መኪናው መንገዱን ይሞላዋል።

የማንቸስተሯ
እማማ፣ ልክ ነዎት። ኦገስት 25 አድርጌዋለሁ፣ የሥራ ቀን ከሆነ የዓመት ፈቃድ እወስዳለሁ። ጋሼ ባለከዘራው፣ ገበቴዎቹን ለልጄ ነገርኩት፣ ከወዲሁ ደብተር አዘጋጅቷል። ወንድሜን "ስንት ቁጥር ነው የጫማህ?" ስለው "42፣ ግን አዲስ ነጭ ስኒከር ገዝቻለሁ" አለኝ።

ሸማኔ ተራ
አላልኩም?

ባለከዘራው
42 ቡትስ እኔ ጋ አለ፣ ብዙም አልተረገጠም። ጣቢያው ላይ አቀብላችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ "ጠዋት 3 ሰዓት" ብለሽ ለወንድምሽ ከነገርሽው ለእኔ ደግሞ 9 በይኝ፣ አለበለዚያ አንዳችን ብቻችንን ፕላትፎርም ላይ እንቀራለን።